በጎጎ ኖምሳ ደጃፍ ያስጠራሁት ስም

ከሁሉ በፊት በዚህ ነገር ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም ልጥራ፤ ኋላ ማን ማንን እንደበደለ እንዳይምታታ።

ሜሮን ልጄ ናት፤ የመጀመሪያዬ። ስትወለድ ወንድ ነው ተብዬ ሌላ ስም አውጥቼላት ነበር። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። አበበች ባለቤቴ ናት። ሩት ሁለተኛዋ ልጃችን ናት፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጋሽ ላፌቦ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ፤ አሁን በሕይወት የሉም። ከእሳቸው ጋር የሄዱ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። እነሱን በስም አልጠራም፤ በእኔ ቃል ሄዱ እንጂ በራሳቸው አልሄዱም። ጎጎ ኖምሳ ከጆሃንስበርግ ወጣ ባለችው ቴምቢሳ ውስጥ ለሜሮን ክፍል ያከራዩ ሴት ናቸው፤ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። የመጨረሻው እኔ ነኝ፤ ኤርሱሞ። ጆሃንስበርግ መሀል፣ ጀፕ የሚባለው ገበያ ላይ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ እሸጣለሁ። ቤታችን እዚያው ከተማ ሜይፌር ሰፈር ነው።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ካህን ፊት ተንበርክኮ መናዘዝ የለም፤ ሰው ኃጢአቱን ለእግዚአብሔር ይናገራል። እኔም ለእግዚአብሔር ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ቀድሞ ለሚያውቅ መናገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? የሚከብደው ለማያውቅ መናገር ነው። ስለዚህ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። እንድታዝኑልኝ አይደለም።

እኔ ውሸት የማልወድ ሰው ነኝ። በቤቴም በሱቄም የታወቅኩት በዚህ ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛ ያነበብኩት ከካርቶን ላይ ጽሑፍና ከአንድ የተቀዳደደ መዝገበ ቃላት ነው። ያን ያህል ደክሜ ያገኘሁት ስለሆነ፣ ያወቅኩት ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ልጆቼን በቀበቶ ሳይሆን በንግግር ነው ያሳደግኩት፤ ንግግሬ ግን ከቀበቶ አይሻልም ነበር። እራት ላይ እመክራለሁ፣ መኪና ውስጥ እመክራለሁ። አበበች አንድ ጊዜ «እስኪ ዛሬ ዝም ብለን እንብላ፤ ወጡ ስብከት አይፈልግም» ብላኝ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅኩም። ምነው በሳቅኩ።

ሜሮን ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ሳሎን ውስጥ ሁላችንንም አስቀመጠችን። እጆቿን ጭኖቿ መካከል አድርጋ ነበር የምትናገረው። «አባ፣ እኔ ሴት ነኝ። ዛሬ የጀመረኝ ነገር አይደለም፤ ሁልጊዜም ነበርኩ። ሜሮን በሉኝ፣ አንቺ በሉኝ። ሌላ የምጠይቃችሁ ነገር የለም» አለች። ሌላ የምጠይቃችሁ ነገር የለም! አስቡት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቷ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው፤ ገንዘብ አልጠየቀች፣ መኪና አልጠየቀች።

እኔ ምን አልኩ? «እኔ በዚህ ስም ልጅ አልወለድኩም። የወለድኩት ልጅ ሲመጣ በሩ ክፍት ነው» አልኩ። በዚያው ሳምንት በአንድ ሻንጣ ወጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ለራሴ ማመካኛ ሳይሆን ክስ ነው። እኔ በዚህ አገር ስኖር አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ሲጀምር ስፓዛ፣ የሰፈር ትንሽ ሱቅ ውስጥ ስሠራ ደንበኞች ሁሉ «ማይ ፍሬንድ»፣ ወዳጄ፣ ነበር የሚሉኝ። እዚህ አበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ «እኔ ስም የለኝም እንዴ?» እያልኩ እበግን ነበር። ጀፕ ላይ የራሴን ሱቅ ስከፍት፣ ብርድ ልብስ የሚያመጣልኝን ነጋዴ ቆሜ ስሜን አስተማርኩት። ኤር፣ ሱ፣ ሞ። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በትክክል የጠራኝ ቀን ሻይ ጋበዝኩት። ከማላውቀው ሰው በግድ የተቀበልኩትን ክብር ለልጄ ከለከልኳት። ሰው በዚህ ስም ጥሩኝ ብሎ ሲለምን፣ ሰው አድርጋችሁ ተመልከቱኝ እያለ መሆኑን ከእኔ የበለጠ ማን ማወቅ ነበረበት?

ስምንት ወር አለፈ። አበበች በድብቅ እንደምትደውልላት አውቅ ነበር፤ እንዳላወቀ ሆንኩ። ሜሮን ቴምቢሳ ክፍል ተከራይታ፣ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ መነጽር ቤት ተቀጥራ ነበር። በሜሮንነቷ ነው የተቀጠረችው፣ በሜሮንነቷ ነው የተከራየችው። የግቢው ሰው የሚያውቃት ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ የምታስጠና ሴት አድርጎ ነው። እኔን ግን ሰው «ልጅህ የት ገባ?» ባለኝ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር። ያሳሰበኝ የእሷ መሄድ አልነበረም። የሰው ጥያቄ ነበር። ይህንን ለማመን አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በእኛ አካባቢ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ተጣልቶ ከቤት የወጣ ሰው ላይ ሽማግሌ ይላካል። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው። ቤት አይገቡም። ደጃፍ ላይ ቆመው ሰውየውን ከነአባቱ ስም ይጠሩታል። ካልወጣ እንደገና ይጠራሉ። ጎረቤት ይወጣል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አቁሞ መቅረት ነውር ስለሆነ ሰውየው ይወጣል፣ እርቅ ይወርዳል። እዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ዘመድ ነው። ያ ጩኸት ሰውየውን ወደ ዘመዶቹ የሚመልስ ጩኸት ነው። ቴምቢሳ ላይ ግን ደጃፉ የማን ነው? የሚወጣውስ ጎረቤት ማን ነው? ይህን አላሰብኩም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አስቤዋለሁ።

መጀመሪያ አድራሻዋን መፈለግ ነበረብኝ። የምታውቀው ሩት ናት። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ አንድ ጠዋት ሩትን ሱቅ ወስጄ ከመደርደሪያው ወፍራሙን ብርድ ልብስ አወረድኩ።

«ብርድ ሆኗል። የት እንዳለ ንገሪኝና ይህን ልላክለት» አልኳት።

ሩት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ልላክላት በል» አለች። 

«ልላክላት» አልኩ።

ሩት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አድራሻውን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ፤ የግቢውን በር ቀለም ሳይቀር። ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚገባት የጠራኋት ያን ቀን ነው። ለማጥመጃ። ውሸት የማይወደው ሰው፣ ለእውነት አንድ ጊዜ እንኳ ተናግሯት የማያውቃትን ቃል ለማታለል ተናገራት። ብርድ ልብሱ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ወጣ፤ በማግስቱ ተሸጠ።

ጋሽ ላፌቦን ሱቅ ጠራኋቸው። እሳቸው መዝሙር መሪ ነበሩ፤ ማይክ ቢጠፋ አዳራሹን የሚሞላ ድምፅ ነበራቸው። ልማዳችንን ነገርኳቸው። አመነቱ።

«ኧረ ኤርሱሞ፣ መጀመሪያ በስልክ አናናግረውም?»

«በስልክ ይዘጋባችኋል። ከግቢው ውጭ ቁሙ፣ አትግቡ። ግቡ ቢላችሁም አትግቡ። ከነአባቱ ስም ጮክ ብላችሁ ጥሩት።»

«ድምፄን እግዚአብሔር የሰጠኝ ለዝማሬ ነው እንጂ ለዚህ አይመስለኝም» አሉና ሳቅ አሉ። እኔ ግን ጨረስኩ ብዬ አልተውኩም። ቀጥሎ የተናገርኩት ነው የዚህ ጽሑፍ ምክንያት።

«ማነው የምትፈልጉት ብለው ከጠየቋችሁ፣ ወንድ መሆኑን ንገሯቸው። የግቢው ሰው ሁሉ ይስማ። ካወቁበት እዚያ መኖር አይችልም። ማደሪያ ሲያጣ ወደ ቤቱ ይመጣል።»

ይኸው ተናገርኩት። ይህን ያልኩ እኔ ነኝ። ሳልቆጣ፣ ቁጭ ብዬ፣ የሱቄን ቁልፍ በእጄ እያዟዟርኩ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄዱ። እኔ አልሄድኩም፤ ሱቄ ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጥ ነበር። የሆነውን ኋላ ጋሽ ላፌቦ ራሳቸው ነገሩኝ። በሩ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ጠሩ። ተከራዮቹ ወጡ። አንድ ወጣት «ሃይቦ! እዚህ በዚህ ስም ሰው የለም፣ ማይ ፍሬንድ» አላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከደንበኞቹ በለቀማት ዙሉና እንግሊዝኛ አስረዳው፤ ረጅሙ፣ መነጽር ቤት የሚሠራው፣ የወንድማችን ወንድ ልጅ። ወጣቱ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። ከእነሱ አንዱ ለሜሮን አበባ ገዝቶ የሚያውቅ ነበር፤ እሱ አልሳቀም። ከሳቁት ይልቅ እሱ ነበር የሚያስፈራው።

ሜሮን ልብስ እያጠበች ነበር። በእርጥብ እጇ ወጣች። ሽማግሌዎቹን ስታይ እንዳሳደግናት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። «ጋሽ ላፌቦ፣ እባካችሁ ግቡ» አለች። አልገቡም። «እንደምትሉት እሆናለሁ፣ ብቻ ግቡና እንነጋገር፤ እዚህ አይሁን» አለች። አልገቡም። ትእዛዜ ነዋ። ለሦስተኛ ጊዜ ለመነቻቸው። ጋሽ ላፌቦ እንዲህ አሉኝ፦ «ፊቷን ሳየው እግሬ ሊገባ ነበር፤ ላንተ የገባሁት ቃል ያዘኝ።»

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ እነዚያ ወጣቶች ግቢው በር ላይ ጠበቋት። ብዙ አልናገርም። ግራ እጇን ነው የሰበሩት፤ ፊቷን ልትከልልበት ያነሳችውን። ጎጎ ኖምሳ መጥረጊያ ይዘው ወጥተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ መሀል ገብተው ትከሻቸውን ተመቱ። ታክሲ አስቁመው ሐኪም ቤት ያደረሷትም እሳቸው ናቸው።

እኔም ሐኪም ቤቱ ሄጃለሁ። በማግስቱ። መዝገቡ ፊት የተቀመጠችው ሴት «ማንን ነው?» አለችኝ። ያወጣሁላትን ስም ነገርኳት። ፈለገች። «በዚህ ስም የተኛ የለም፣ ባባ። ሌላ ስም ይኖረው ይሆን?» አለችኝ። በትህትና ነው የጠየቀችኝ። ሌላውን ስም አውቀው ነበር። ከምላሴ ላይ ነበር። ከኋላዬ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ሴትየዋ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። አንዲት ስም ብናገር በሩ ይከፈታል፤ ልጄ አሥር እርምጃ ወዲያ ተኝታለች። «የለውም» አልኩና ወጣሁ። ለአበበች «አላስገቡኝም፤ ማንንም አያስገቡም» አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? ለስንት ዓመት ይህን ጥያቄ ስለ ሌላ ሰው እንደምጠይቅ ሆኜ ጠየቅኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎጎ ኖምሳ ጀፕ መጡ። የሱቁን አድራሻ ከሩት ጠይቀው ነው። የመጡት ሊሰድቡኝ መስሎኝ ተነሣሁ።

«ባባ፣ ልጅህ እኔ ዘንድ ናት። በእኔ አልጋ ነው የምትተኛው። አትበላም። ሾርባ ሠራሁ፣ የበቆሎ ገንፎ ሠራሁ፤ አትበላም። ምን ትወዳለች?»

«ወንድ ልጅ ነው» አልኳቸው።

«እኔ የጠየቅኩህ የምትበላውን ነው።»

 ልጄ የምትወደውን ምግብ አላውቅም ነበር። ስመክራት ኖሬ፣ ምን እንደምትወድ አላውቅም። ጎጎ ኖምሳ «እናቷ ታውቅ ይሆናል» ብለው የአበበችን ስልክ ወሰዱና ሄዱ። አበበች በዚያው ቀን በሁለት ታክሲ ተሳፍራ ቴምቢሳ ወረደች። ከዚያ በኋላ ፈቃዴን ጠይቃ አታውቅም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ይባል? ሰው መልስ ፈለገ፤ መልሱም ተገኘ። ጋሽ ላፌቦ! ሽማግሌ ናቸው፣ አያውቁም፣ ድምፃቸው ትልቅ ነው፣ እንደ አገር ቤት መስሏቸው ጮኹ። አበበች ሰላምታቸውን መቀበል ተወች። ሴቶች ወንበር ቀየሩባቸው። መዝሙር መምራት አቆሙ። እኔ ዝም አልኩ። ከዝምታም አልፌ «ምን ላድርግ፣ እንዲያናግሩት ነበር የላክኋቸው» አልኩ።

አንድ ቀን ሱቅ መጡ። አልተቀመጡም። «ኤርሱሞ፣ እኔ አልናገርም። አንተ ግን ንገራቸው» አሉኝ። «እነግራቸዋለሁ» አልኩ። በዓመቱ ወደ ሆሳዕና ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ መሞታቸውን ሰማን። ሜይፌር በተደረገው የኀዘን ስብሰባ ስለ እሳቸው እንዲናገር የተመረጠው ማን ነበር? እኔ። ተነሥቼ ስለ ታማኝነታቸው ተናገርኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሌላውን ሁሉ እንደተማርኩት፣ በእርሳስ እያሰመርኩ፣ ከስልኬ ላይ ቃል በቃል። እንደ ልጄ ያሉ ሰዎች የጻፉትን አነበብኩ። ሁሉንም ተረድቻለሁ አልልም። ነገር ግን ያልተረዱትን ሰው ለማክበር መጀመሪያ መረዳት ግዴታ አይደለም። ጎጎ ኖምሳ ምን ተረድተው ነበር? ምንም። ምን ትወዳለች አሉ እንጂ ምንድን ናት አላሉም። ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን «ሜሮን፣ ነይ። ሜሮን፣ ተቀመጪ። ሜሮን፣ እንዴት ዋልሽ?» እያልኩ ተለማመድኩ። ምላሴ ሲስት ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ይከብዳል የሚሉኝን አውቃለሁ፤ እኔም ከባድ ነው እል ነበርና። በአንድ ወር ለመድኩት። ያን ያህል ብቻ ነበር ክብደቱ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሜሮን አንዳንድ ቅዳሜ ለምሳ ትመጣለች። ሩት ናት ያመጣቻት። በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቼ «ሜሮን፣ ግቢ» አልኳት። ቆመች፤ ከዚያ ገባች። አሁን እንቀላለዳለን እንኳን። ባለፈው «አባ፣ ምክር ቀንሰሃል፤ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ እንጀራ በቀኟ ስትቆርስ ግራውን ከጠረጴዛ ሥር ታደርገዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ጋሽ ላፌቦ ተነሣ። አበበች ፊቷን አጠቆረች። ሜሮን ግን እንዲህ አለች፦ «ተይ እማዬ፣ ሽማግሌ ነበሩ፣ ምን ያድርጉ። አላወቁም። አባም ቢሆን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ቢያውቅ አይልካቸውም ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። ይቅር ያለችኝ ባልሠራሁት ነገር ነው። የሠራሁትን አታውቅም።

እኔ ምን አልኩ? «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩ።

ስለዚህ ጻፍኩ። ይህን ወረቀት የሚመጣው ቅዳሜ ለእሷ እሰጣታለሁ፤ ከምሳ በፊት። ከበላች በኋላ ብሰጣት፣ በማዕዴ ተቀምጣ የበላችው ሁሉ ሌላ ማታለል ይሆናል። መሄድ ከፈለገች ሳትበላ ትሂድ። ቀጥሎ አበበች ታነበዋለች፣ ቀጥሎ ሩት፣ ቀጥሎ በጉባኤው ፊት ቆሜ እኔ ራሴ አነበዋለሁ፤ የጋሽ ላፌቦ ልጆችም ሆሳዕና እንዲደርሳቸው አደርጋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ ብዬ አልጠይቅም። ይቅርታ ስጠይቅ ሌላ ሰው ላይ ሌላ ሥራ እየጫንኩ ነው። የምጠይቀው እንድታውቁት ብቻ ነው።

ነገሩ ያስከፈለውን ልደምርና ላብቃ። ሜሮን ሁለት ጣቶቿን፣ መነጽር ቤት የነበራትን ሥራ፣ ሒሳብ የምታስጠናቸውን ልጆች፣ ከቤተሰቧ አራት ዓመት። አበበች ልጇን በቤቷ ያላየችበትን አራት ዓመት፣ ባሏን የማመን ልማድም። ሩት፣ የእህቷን አድራሻ የሰጠሁ እኔ ነኝ እያለች ያለቀሰችውን ልቅሶ፤ ዛሬም የት እንደምትሄድ አትነግረኝም። ጎጎ ኖምሳ የጎረቤቶቻቸውን ሰላምታ፣ እስከ ዛሬ የሚያማቸውን ትከሻቸውን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያናችን ቀሩ፤ አሁን የት እንደሚያመልኩ አላውቅም። ጋሽ ላፌቦ መዝሙራቸውንና መልካም ስማቸውን፤ ሳይመለስላቸውም ተቀበሩ።

እኔ፣ ያደረግኩት፣ እስከ ዛሬ ምንም አልከፈልኩም።